በሩ አሁንም ዝግ ነው

 

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ የበዓሉ ድስት ታጥቦ፣ ቄጤማው ደርቆ ተጠርጎ፣ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ይሆናል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ፋሲካ ገና አላለፈም። ከትንሣኤ እሑድ ጀምሮ ያሉት 50 ቀናት በዓለ ኀምሳ ይባላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምባቸውም፣ ስግደትም የለም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ሥራና ስለ ቤት ወጪ የማወጋችሁን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና፣ ለረጅም ጊዜ ከሰው ደብቄ ስለኖርኩት ነገር ላጫውታችሁ። ስለ ፍርሃቴ።

የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከተማው አልቆ መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከእኛው ሰፈር ነው። ማታ መስኮት ስከፍት ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ሲያጓሩ ይሰማኛል፤ ገሚሱ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ገሚሱ ከዚያ ይመጣል። ባለቤቴ የሚሠራው አዳማ ስለሆነ በየቀኑ በዚህ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። መሄጃው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻውም እንዲሁ። ለእሱ ሬዲዮ እየሰማ የሚጨርሰው መንገድ ነው። ለእኔ ግን በየቀኑ 160 ኪሎ ሜትር ጭንቀት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ድንገት ያረፈ ጊዜ ነው። አባቴ ዕድሜውን እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ደውሎ «ማታ ብቅ በይ፤ እናትሽ ሽሮ እሠራለሁ ብላለች» አለኝ። ማታ ሄድኩ። የሄድኩት ግን ለለቅሶ ነው።

እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት እንጀራና ንፍሮ ይዞ መጣ፣ የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። እውነት ለመናገር በእነዚያ ቀናት ጸንቼ ነበር። ሰው ከብቦኝ ነበርና። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አግዳሚው ወንበር ተጭኖ ሲሄድ ግን ሌላ እንግዳ መጣና ቤቴ ተቀመጠ። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፦ ጠዋት የደወለ ሰው ማታ ላይኖር ይችላል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ከማወቅ አልፌ በየሰዓቱ እጠብቀው ጀመር።

ባለቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል። 2 ሰዓት ሳይሞላ «ደረስክ?» ብዬ እጽፋለሁ። አሥር ደቂቃ ካልመለሰ እደውላለሁ። ካላነሳ የሥራ ባልደረባው ጋ እደውላለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ እጄን የልጄ አፍንጫ ሥር አድርጌ እስትንፋሷን አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ልቤ ከአፌ ልትወጣ ደረሰች። ክሊኒክ ሄድኩ፤ የልብ ምርመራ ተደረገልኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን ዓይቶ «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ ይህ ጭንቀት ነው» አለኝ። ለአንድ ሳምንት ተረጋጋሁ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ፍርሃት ጥሩ ገበያ እንዳለው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ተምሬአለሁ። ሰው ልጁ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት፣ ቤቱ እንዳይሰረቅበት፣ ጤናው እንዳይቃወስበት ሲፈራ ኪሱን ቶሎ ይከፍታል። መጀመሪያ ያስፈራሩታል፤ ወዲያው መድኃኒቱን ያቀርቡለታል። ችግሩ የተገዛው ዕቃ ፍርሃቱን ይዞት አለመሄዱ ነው። እኔም ለራሴ እንዲሁ ስሸጥ ነበር፤ አንድ ተጨማሪ ጥሪ፣ አንድ ተጨማሪ መልእክት፣ አንድ ተጨማሪ ምርመራ። እያንዳንዱ የአሥር ደቂቃ ሰላም ይገዛልኛል፤ ከዚያ ሒሳቡ እንደገና ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው ልጄ ላይ ያየሁት ነው። አያቷ ሲያርፍ «አባባ ተኝቷል» ብያት ነበር። ከዚያ በኋላ የስድስት ዓመት ልጅ አልተኛም እያለች ማልቀስ ጀመረች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እኔ ስልኬን ሳላነሳ ቀድማኝ «እማዬ፣ አባዬ ደረሰ?» አለችኝ። ፊቷ የእኔን ፊት ይመስል ነበር። ቤት፣ መኪና፣ ትምህርት እናውርሳት እያልን የምንለፋላት ልጅ፣ ከሁሉ በፊት ፍርሃቴን ወርሳ አገኘኋት።

«ታዲያ እምነትሽስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ! የሑዳዴን 55 ቀን ጾሜአለሁ፣ ስቅለት ሰግጃለሁ፣ የፋሲካን ሌሊት ጧፍ ይዤ ቆሜአለሁ። ክርስቶስ ሞትን ድል እንዳደረገ ካህኑ ሲያውጁ ከሕዝቡ ጋር በሙሉ ድምፄ መልሻለሁ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ግን እጄ ስልኬ ላይ ነው። ትንሣኤን የሚያምን ሰው ሞትን ይህን ያህል ይፈራል እንዴ? ስለዚህ ከፍርሃቱ በላይ ኀፍረቱ ከበደኝ። ለማንም አልነገርኩም።

ያለፈው ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወቅት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ባለቤቴ የጓደኛውን ሠርግ ሊያጅብ አዳማ ሄዷል። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እመለሳለሁ ብሎኛል። 4 ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። 5 ሰዓት ሆነ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ እንዳታየኝ ነበር። እሷ ግን ነቅታ ኖሮ መጥታ በሩን ታንኳኳለች፤ «እማዬ ክፈቺልኝ፣ እማዬ ክፈቺልኝ» ትላለች። መነሳት አቃተኝ። ባለቤቴ ሲገባ እሷን በሩ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ጎማ ፈንድቶበት ነበር፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። ይኸው ነው የሆነው። አልተቆጣኝም። ከበሩ ውጭ ከልጃችን ጎን ተቀምጦ እስክከፍት ጠበቀኝ።

በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ የዕለቱ ወንጌል ተነበበ፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 20። የቶማስ ታሪክ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እኔ ግን የዚያን ቀን የሰማሁት ስለ ቶማስ ሳይሆን ስለ በሩ ነው።

ታሪኩን አስታውሱት። በትንሣኤው ዕለት ማታ ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሣ በር ዘግተው ተቀምጠዋል። መቃብሩ ባዶ መሆኑን ጠዋት ሰምተዋል፤ ማርያም መግደላዊት አየሁት ብላቸዋለች። እነሱ ግን ቆልፈው ተቀምጠዋል። ጌታ መጥቶ መካከላቸው ቆመ። ጥላችሁኝ ሸሻችሁ አላላቸውም። የመጀመሪያ ቃሉ የሰላም ሰላምታ ነበር። ቀጥሎ የተወጋውን እጁንና ጎኑን አሳያቸው።

የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከስምንት ቀን በኋላ እንደገና ተሰብስበዋል፤ ቶማስም አብሯቸው አለ። ወንጌላዊው በሩ ያን ጊዜም ዝግ እንደነበር ይነግረናል። አስቡት! ትንሣኤውን በዓይናቸው አይተዋል፣ ቁስሉን አይተዋል፣ ሰላሙን ተቀብለዋል፤ ከሳምንት በኋላም በሩ ተዘግቷል። ጌታም እንደገና መጣ። ስለ በሩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ያንኑ የሰላም ሰላምታ ደገመላቸው።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። ለካ ሰላሙ የሚመጣው ፍርሃቴን ጨርሼ በሩን ከከፈትኩ በኋላ አይደለም። ሰላሙ ተዘግቶ ሳለ ይገባል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መጀመሪያ ደፋር ልሁንና ከዚያ አማኝ እሆናለሁ እያልኩ ስታገል ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሌሎቹንም ወንጌላት ገለጥኩ። ማቴዎስ ከመቃብሩ የተመለሱትን ሴቶች ሲገልጻቸው ፍርሃትም ታላቅ ደስታም ይዘው እየሮጡ እንደሄዱ ይጽፋል። ሁለቱንም በአንድ ልብ! የምሥራቹን መጀመሪያ የተሸከሙት እየፈሩ የሮጡ ሴቶች ናቸው። በዚያው ሳምንት ለነፍስ አባታችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ጌታም እኮ በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ላቡ እንደ ደም እስኪወርድ ድረስ። መጨነቅሽ እምነት የለሽም ማለት አይደለም» አሉኝ። አክለውም «ጸሎትሽን ያዢ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። ሄድኩ። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ለጥቂት ወራት ተነጋገርኩ። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ደረቱን የሚጨመድደው፣ እንቅልፍ ያጣ ካለ ይህን ምክር ለእርሱም ይውሰድልኝ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። አንዳንዴ «እመን እንጂ ምንም አይነካህም» ሲባል እንሰማለን። ይህ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ እሑድ አይኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ 30 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያንን ክርስቲያን በመሆናቸው ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። እንጀራ ፍለጋ የተሰደዱ ወጣቶች ነበሩ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጨርቆስ ሰፈር፣ እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ቪዲዮ ለዩ። የፋሲካው ነጭ ልብስ ሳይታጠፍ ጥቁር ተለበሰ፤ አስከሬን በሌለበት ፎቶ ተይዞ ተለቀሰ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አነባ።

ለእነዚያ እናቶች «ምንም አይነካሽም» የሚል እምነት ምን ይሆናቸዋል? የትንሣኤ እምነት የሕይወት መድን ውል አይደለም። የምንወዳቸው ሰዎች ሁልጊዜ ማታ በር አንኳኩተው እንደሚገቡ ቃል አይገባልንም። የሚለው ሌላ ነገር ነው፦ ሞት የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ እርሱ ራሱ ገብቶበት ወጥቷልና። ከሞት የተነሣው ጌታ ቁስሉን አልደበቀም፤ አሳየን። ስለዚህ የእኛም ቁስል ይዞ መቅረብ ያሳፍራል ብዬ አላምንም። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ሰው ሞትን በመፍራት ዕድሜ ልኩን ባሪያ ሆኖ እንደሚኖር፣ ክርስቶስም ከዚህ ባርነት ሊያወጣን እንደመጣ ይናገራል። ባርነት የሚለው ቃል ገባኝ። ጠዋት በ2 ሰዓት እየጠራ የሚያዘኝ ጌታ ነበረኝ።

ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ከዓመታት በፊት በጅቡቲ መንገድ ላይ ሞተ። አሁንም እንደ እኔ ማታ ማታ የእነዚያን መኪኖች ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ እጣኑ እየጨሰ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ፍርሃቱ እንዴት ለቀቀዎት?»

ሲኒውን አስቀምጠው አዩኝ። «ማን ለቀቀሽ አለሽ? ሌላው ልጄ ሲያመሽ ዛሬም እፈራለሁ። ድሮ ግን በር ዘግቼ ከፍርሃቴ ጋር ብቻዬን እቀመጥ ነበር። አሁን እፈራና ‹ጌታዬ፣ ና ተቀመጥ› እለዋለሁ። ሦስት እንሆናለን።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያደረግናቸውን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅሙ ይሆናል።

መጀመሪያ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። አባባ አልተኛም፤ ሞቷል፣ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል አልኳት። መሞት ከመተኛት የተለየ መሆኑን፣ እሷ ስትተኛ ጠዋት እንደምትነቃ አስረዳኋት። ከዚያ የምናምነውን ነገርኳት፦ ጌታ እንደተነሣ አባባም አንድ ቀን ይነሣል። «መቼ?» አለች። አላውቅም አልኳት። «እሺ» አለችና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ልጆች እውነትን ከእኛ ይልቅ መሸከም ይችላሉ። የሚከብዳቸው ደብቀነው ፊታችን ላይ የሚያዩት ነገር ነው። የአባቴን ስምም በማዕድ ላይ ማንሳት ጀመርን። ሽሮ ሲቀርብ «አባባ ቢኖር ቃሪያ አምጪ ይል ነበር» እንላለን፤ አንዳንዴ እንስቃለን፣ አንዳንዴ እናለቅሳለን።

ከባለቤቴ ጋር ደግሞ ተስማማን። ሲደርስ እሱ «ገባሁ» ብሎ አንድ መልእክት ይልካል፤ እኔ አልጠይቅም። በመሀል ያለው ጊዜ የእኔ ነው። እጄ ወደ ስልኬ ሲሄድ አጭር ጸሎት አለችኝ፤ «ጌታ ሆይ፣ እየፈራሁ ነው፤ አብረኸኝ ተቀመጥ» እላለሁ። ከምድር ቤቷ እናት የተዋስኳት ናት። ፍርሃቱ ወዲያው አይጠፋም። ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ልቤም ቀስ እያለ ይረጋል።

ሦስተኛው በዓለ ኀምሳን የሚመለከት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሐዘኑ 55 ቀን ሰጥታን ለደስታውም 50 ቀን መስጠቷ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጭንቀት በሰውነታችን ውስጥ እንደሚሰፍር፣ ደስታም ሰውነታችንን ልምምድ ይጠይቃል። በእነዚህ ቀናት አንድ ቤት እንጎበኛለን፤ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ፋሲካ ያለ እናቱ፣ ያለ አባቱ ወይም ያለ ልጁ ያሳለፈ ሰው ቤት። ለቅሶ ላይ ሁላችንም እንገኛለን። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን የሚያንኳኳ ጥቂት ነው። እናንተም አንድ ሰው ይታሰባችሁ። ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ አትናገሩ፤ አብራችሁ ተቀመጡ።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ሲወጣ ልጄ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ በሰላም ግባ» አለችው፤ ከዚያ ዞራ ቁርሷን በላች። 2 ሰዓት ሊሆን ነው። አልዋሻችሁም፣ ስልኬን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከመስኮቱ ውጭ ከባድ መኪኖቹ እያጓሩ ያልፋሉ። ጸሎቴን አድርሼ ቡናዬን ቀድቻለሁ፤ ልጄንም የትምህርት ቤት መኪና ዘንድ ላደርሳት ጫማዋን እያሰርኩላት ነው። በሩን ልከፍተው ስል ስልኬ ጮኸ።

«ገባሁ» ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው «ገባሁ» መጥቷል። ነገ ባይመጣስ ብዬ አሁንም እፈራለሁ። በተዘጋ በር ሁለት ጊዜ የገባው ጌታ ግን ሦስተኛም ይገባል ብዬ አምናለሁ። የቀሩት የበዓለ ኀምሳ ቀናት የሰላም ይሁኑላችሁ። በሚቀጥለው ወር በተለመደው ወጋችን እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።